ቅጠሉ ንጹህ ነበር

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጥ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት የተሞላ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያችን ሾፌርም ደህና ነው። መኪናው ግን ደህና አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ቢዘገይ እኔን አትርገሚኝ። እንደ ልማዳችን ውጭ አገር ወዳለው ላቦራቶሪሽ ከሚሄደው የናሙና ካርቶን ውስጥ ከትቼዋለሁ። የስልኩን ነገር ተይው። ኔትወርክ የሚገኘው ከመጋዘኑ ኋላ ያለው ድንጋይ ላይ ስወጣ ብቻ ነው። እናትሽን ደግሞ ድንጋዩ ላይ ባወጣትም ጆሮዋ ስልክ አይሰማም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ያንቺ ጓያ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ መጋዘን ገብቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት በፖስታ የላክሽው አንድ እፍኝ ዘር አምና አንድ መደብ ሞላ፣ ዘንድሮ ሁለት ኩንታል ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዘር ስዘራና ስመዝን ኖሬአለሁ፤ የራሴን ልጅ ዘር ስመዝን ግን ዓይኔን አላመንኩትም። ሚዛኑን ሁለቴ አየሁት። አምና የላክሁልሽ የናሙና ከረጢት ውጤት ግን እስካሁን አልደረሰኝም። ኃላፊው ሰኞ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም «በመንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። ዘንድሮም ሌላ ከረጢት ይኸው ልኬልሻለሁ።

ዝናቡ እንደገና ከዳን። ሌላው ሰብል ክው ብሎ ቀርቷል፤ ያለ ዝናብ የሚቆመው ጓያ ብቻ ነው። ሰውም መርዙን እያወቀ ይበላዋል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ደግሞ ቀቅሎ፣ እየፈራ ይበላዋል። በዚህ መንደር በሁለት ዱላ የሚሄዱትን ሰዎች አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ እየቆጠርሽ ታስለቅሺን ነበር።

እናትሽ ታዲያ «የልጄ እህል መርዝ የለውም አሉ፤ እሱን ሳልቀምስማ አልሞትም» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። ትቅመስ እንዴ? አንድ ቃል ጻፊልኝ። ነጭ ጋውን ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶም ካለ ላኪላት፤ ግድግዳው ላይ ቦታ አዘጋጅታለች።

አጎትሽ

የካቲት 26 ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንደምን አለች? ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ። እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ፎቶው እነሆ። ጋውኑ ሰፍቶኝ ብታዩ አትሳቁ፤ የራሴ ቡና ስለተደፋበት የጓደኛዬን ተውሼ ነው።

ሁለት ኩንታል ስትል አንብቤ ደብዳቤህን ይዤ በኮሪደሩ ሮጥኩ። አለቃዬን ታስታውሳታለህ፣ ያቺን ስትስቅ የማትታየውን ፕሮፌሰር፤ እሷ እንኳ ፈገግ አለች። ጥናታችን ለኅትመት ተልኳል። ከታተመ ቋሚ ሠራተኛ ያደርጉኛል፤ በየዓመቱ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የመኖሪያ ፈቃድ መለመኔም ይቀራል።

ለእማዬ እንዲህ በልልኝ። የቅጠሉን ምርመራ የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ዘሩ ከተገኘባት ከእናት ተክሏ ላይ ስድስት ቅጠል ወሰድኩ፤ ስድስቱም ንጹህ ናቸው። መርዙን የሚሠራው ጂን እኛ ወደ ተክሉ ባስገባነው መቁረጫ ፕሮቲን ተቆርጦ ተበላሽቷል። እኛ እዚህ ይህን የጂን እርማት እንለዋለን፤ በተክሉ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ቃል እንደ መሰረዝ ነው። የዘሩ ውጤት ደግሞ ማሽኑ ወረፋ ስለበዛበት ትንሽ ይቆያል። አትቸኩሉ።

እናንተ ጸልዩልኝ።

ድንቢጥህ

ሚያዝያ 18 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ለክፉ አንሰጥም።

ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን እናትሽ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «ስድስቱም ንጹህ» የምትለው ላይ ስደርስ እጇን ታነሳና «ቆይ፣ እሷን ድገማት» ትለኛለች። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ ለሰው ሁሉ ስትናገር ተሰማች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ «ልጅሽ ለወፍጮዬም ንጹህ ድንጋይ ትላክልኝ» አላት አሉ። ፎቶሽ ተሰቅሏል። ጠማማ ነው፤ ላቃናው ስል ተቆጣችኝ።

እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። መጋዘኑ ደህና ነው፣ ቁልፉም እኔው ዘንድ ነው። ስለ እህሉ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ያማታል። ሌሊት ባቷን ጨብጦ ይይዛታል፤ ቀን ደግሞ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አደናቀፋት። እድሜ ነው ብለናል። የሚቀባ ነገር ካገኘሽ ላኪላት፤ ፎቶ አሁን አያስፈልግም። ለቅባቱ ቶሎ በይ።

አጎትሽ

ሰኔ 5 ቀን

ውድ ጋሼ፤

ሰላምና ጤና ለሁላችሁ። ቅባቱን በዚህ ካርቶን ልኬአለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሞቅ አድርጎ ማሸት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዘሩን ለጊዜው ከመጋዘን እንዳታወጣው። ለማንም እንዳትሰጥ፤ ለሌላ ጣቢያም ቢሆን። ከወረቀት ጋር የተያያዘ ትንሽ ጉዳይ አለ፤ ሲጠራ እጽፍልሃለሁ።

ሥራ በዝቶብኛል። ስላሳጠርኩ ይቅርታ። እማዬን ሳምልኝ።

ድንቢጥህ

ነሐሴ 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ ለመቅደድ ጊዜ የለኝም።

በሰኔ «ዘሩን እንዳታወጣ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ግን ያወጣሁት በጥር መጨረሻ ነው። መልስሽ ሳይደርሰኝ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ስድሳ ኪሎ ለእናትሽ ወሰድኩላት። በቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም። ደግሞም ኮራሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። በመንገድ ላይ ሳለሁ ለሰባት ቤት ትንሽ ትንሽ አካፈልኩ፤ «የእህቴ ልጅ የሠራችው ነው» እያልኩ።

ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው እየዘፈዘፉ በሉት። እናትሽ ግን አልዘፈዘፈችም። አንድ ቀን ስትፈጭ ደርሼ «እትዬ፣ ውሃ አላሳለፍሽውም እንዴ?» ብላት፣ «የልጄን ሥራ እንደ ሌባ ልጠርጥረው? ስድስቱም ንጹህ ብላለች» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ፣ ድንቢጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሾርባው፣ ማታ ዳቦው፣ ከሱ ሌላ አልበላችም።

የጻፍኩልሽ ጉልበት ጉልበት አይደለም። በሰኔ እግሮቿ እርስ በርስ ይጠላለፉ ጀመር፤ በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትረግጠው። በሐምሌ ያለ ዱላ መቆም አቃታት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ብልህ ነው፤ ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ አድርጎ ቀና ሳይል «ምንድን ነው የምትመገበው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን ነው የጠየቀው፣ እሷ ስለማትሰማ።

«ምስር» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ። ጓያ ካልኩ ከየት መጣ ይላል፤ ከየት መጣ ካለ መጋዘኑ ይመጣል፤ ጡረታዬ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ቀርቶታል። እናትሽ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከንፈሬን አንብባ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም፤ ድስቱም ከእሳት አልወረደም።

አሁን የምጠይቅሽ ቅባት አይደለም። ዘሩ ንጹህ ከሆነ እናትሽን ምን ነካት? ንጹህ ካልሆነ ደግሞ መቼ ነው ያወቅሽው? ቶሎ መልሽልኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

አጎትሽ

ነሐሴ 10 ቀን

ለጋሼ፤

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንደምን እንዳላችሁ መጠየቅ አፈርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ብደውል ስልክህ አይገኝም፤ ስለዚህ እዚሁ ቶሎ ልናገረው። ዘሩ ንጹህ አይደለም። አንዷም ፍሬ ንጹህ አይደለችም። መርዙ እንዳለ ነው፣ ከማንኛውም ጓያ እኩል። ማንም እንዳይበላው። ይህን መስመር እንዳነበብክ ሌላውን ማንበብ ትተህ መጋዘኑን ቆልፍ።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስማ።

አምና የላክኸው ከረጢት ሰባት ወር ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኛ። ወረፋ ብዬ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። ወረፋው ሦስት ሳምንት ነበር። ጥናቱን እየጻፍኩ ነበር፣ ስላይድ እየሠራሁ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ግሪንሃውስ እያስጎበኘሁ ነበር። ማቀዝቀዣውን በከፈትኩ ቁጥር ያ በእጅህ የጻፍክበት ከረጢት ያየኝ ነበር፤ ሌላ ዕቃ ከፊቱ አስቀመጥኩበት። በግንቦት መጀመሪያ የኅትመቱ ገምጋሚዎች «የዘሩ ውጤት የት አለ?» ብለው ጠየቁ፤ ያኔ ግድ ሆነብኝና ከፈትኩት። የመጀመሪያው ቁጥር ሲመጣ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ባለሙያ ጠራሁ። ባለሙያው ፈትቶ አየውና «ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለኝ።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ላስረዳህ፤ ማወቅ መብትህ ነው። በአንዲት የጓያ ሕዋስ ውስጥ ያለው የዘረመል ክር ተጎትቶ ቢዘረጋ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ያን የሚያህል ክር በዓይን በማትታይ ክፍል ውስጥ የሚገባው በፕሮቲን ኳሶች ላይ እየተጠመጠመ ነው። ክሩና ኳሶቹ አንድ ላይ ክሮማቲን ይባላሉ። አጠማጠሙ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕዋሱ የሚጠቀምበት ቦታ ላላ ብሎ ይቀመጣል፤ የማይፈልገው ቦታ ጠብቆ ይታሸጋል። የኛ መቁረጫ የላላውን ያገኘዋል። የታሸገው ላይ ሲደርስ ግን መግቢያ አጥቶ ያልፋል።

በቅጠሉ ውስጥ ያ ጂን ላላ ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ተቆረጠ። አበባና ፍሬ በሚወጣበት በጫፉ ለጋ ሕዋስ ውስጥ ግን ያው ጂን ድርግም ብሎ ተዘግቶ ነበር። እዚያ መቁረጫው አልነካውም። እና ዘር የሚመጣው ከዚያ ነው እንጂ ከቅጠል አይደለም። እኔ የመረመርኩት ቅጠል ነው። ቅጠሉ ስለ ራሱ እውነቱን ነገረኝ፤ ስለ ዘሩ ግን እኔ ነኝ በራሴ ቃል የጨመርኩበት። የጨመርኩትን ደግሞ እናንተ እንደ ምርመራ ተቀበላችሁኝ። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ነገር ያውቁታል፤ እኔም ተምሬዋለሁ፤ ለተማሪዎችም አስተምሬዋለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

በግንቦት 20 ደወልኩልህ፣ ታስታውሳለህ? ድንጋዩ ላይ ወጥተህ አነጋገርከኝ። ልነግርህ ነበር። «ዝናብ አለ?» አልኩህ፣ «የለም» አልከኝ፣ «እዚህ በዝቷል» አልኩህ። ከዚያ ዘጋሁት። በሰኔ ደግሞ «የወረቀት ጉዳይ» ብዬ ጻፍኩ። ጥናቱ ተቀባይነት እስኪያገኝ ማዘግየቴ ነበር፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቀስ ብዬ አርመዋለሁ ብዬ። ዛሬ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ጥናቱ ይመለሳል። የቋሚነቱ ነገርም አብሮት ይሄዳል።

በጥር «ትቅመስ እንዴ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ ስለ ጋውን ነው የመለስኩልህ። እባክህን ጋሼ፣ አልቀመሰችም በለኝ።

ድንቢጥ

መስከረም 16 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፤

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የኔን ስታነቢ ያንቺን እያነበብኩ ነበር መሰለኝ፤ ስለዚህ አልቀመሰችም ልልሽ አልችልም፣ አውቀሽዋል።

እንደጻፍሽው አደረግሁ፤ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም። ግን መጋዘን አልሄድኩም፣ እናትሽ ቤት ነው የሮጥኩት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መሮጥ እንደምችል አላውቅም ነበር። ድስቱን ከእሳት አንስቼ ደጅ ደፋሁት። ዱቄቱንም፣ በጆንያ የቀረውንም። እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ «መርዝ ነው፣ እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እሷ «የቱ?» አለችኝ። «የድንቢጥ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ሰባቱን ቤት ዞርኩ። በሌላ ነገር ላመካኝ ፈልጌ ነበር፤ ነቀዝ ገብቶበታል ምናምን ልል። የመጀመሪያው በር ሲከፈት ግን አፌ እሺ አላለኝም። «የሰጠኋችሁ እህል መርዙ አልወጣለትም። ሰርቄ ነው ያመጣሁት። መልሱልኝ» አልኩ። አንዷ ሴትዮ «እኛማ ምን ጊዜም እንዘፈዝፋለን፤ የሰው ወሬ አምነን ነው እንዴ የምንበላው?» አለችኝ። ሌላው ሰውዬ «ሌባ መሆንህን በራስህ አፍ ስትናገር መስማት ደስ ይላል» ብሎ በሩን ዘጋው፤ ቆይቶ በመስኮት የቀረችውን ወረወረልኝ። ሰባቱንም ቤት ጠየቅሁ፤ እግሩን ያመመው የለም። ይህን ደጋግሜ አጣርቻለሁ፤ እመኚኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው የታመመው፤ እኛን ያመነ ሰው።

ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መዝገቡን ከፍቼ የዋሸሁበትን መስመር አሳየሁት። እሱም መዝገቡን ዘጋው። «ሠላሳ ዓመት» ብቻ ነው ያለኝ። አሁን ከሥራ ታግጃለሁ፤ የሚወስኑትን እጠብቃለሁ። የመጋዘኑ ጓያ በሙሉ በኔ ፊት ተቃጥሏል።

ጤና ጣቢያም ተመለስኩ። «ምስር ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩት ለሐኪሙ። ተቆጣኝ። የሚገባኝን ያህል አይደለም፣ ግን ተቆጣኝ። በሐምሌ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ከዚያ ወዲህ ካለው ጉዳት እናድናት ነበር አለ። እግሯ እንደ ድሮው አይሆንም። እንዳይብስ ማድረግ ግን ይቻላል። በሁለት ምርኩዝ ከአልጋ እስከ በር ትሄዳለች።

ደብዳቤሽን ሙሉውን አነበብኩላት። ስለ ክሩና ስለ ኳሶቹ ያለውንም። እንደገባት አትጠራጠሪ፤ «ስለዚህ የተዘጋውን ቦታ ሳታይ ነው አይቻለሁ ያለችው» አለችኝ። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ጻፍ ስላለችኝ።

«እግሬን አልቆጥርባትም። በእግሬ ብዙ ሄጃለሁ። እኔ የሚቆጨኝ፣ ክፉ ወሬ የማይነገራት ሰው አድርጋ ቆጠረችኝ፤ አንተም እንደሷ። ሁለታችሁ እየተጻጻፋችሁ እኔን ሳም፣ እኔን ቅባ ትባባላላችሁ። እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ያልደረሰ ደብዳቤ የኔ ብቻ ነው። አሁን ደሞ እያለቀሰች እንዳትመጣ። መጀመሪያ ለኔ ትጻፍ።»

እኔ የምጨምረው የለኝም። ቲኬት ቆርጠሽ ከሆነ መልሺው፤ ቁርጥ አድርጋ ነው የተናገረችው።

አጎትሽ

ኅዳር 21 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ ይህን ጋሼ ያነብልሻል። ጋሼ፣ ምንም አትዝለል፣ ምንም አታሳምር።

ለአንቺ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺ ማንበብ ስለማትችዪ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ለጋሼ ስጽፍ ግን ለአንቺ የምለውን እየመረጥኩ ነበር። ስለዚህ ክፉ ክፉውን ላስቀድም።

ጥናቱን ከኅትመት መልሰን ወስደነዋል። በኔ ስም «ተሳስቻለሁ» የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል። ፕሮፌሰሯ ማስታወቂያው በወጣ ቀን ቢሮዋ ጠርታኝ «ሰባት ወር ለምን?» አለችኝ። «ፈርቼ» አልኳት። «ከዚህ ዘር የበላ ሰው አለ?» አለች። «እናቴ» አልኳት። የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች። ከዚያ «ቁጭ በይ» አለችኝ፤ ለረጅም ጊዜ አብረን ቁጭ አልን። ቋሚ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እኔን ለአንድ ዓመት እንድቆይ ፈቅደውልኛል፣ ያበላሸሁትን እንዳቃና። ከዚያ በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። የተዘጋውን ቦታ የሚከፍት ሌላ ፕሮቲን ከመቁረጫው ጎን እያሳረፍን እንሞክራለን። እሱ ክሩን ላላ ያደርገዋል፤ መቁረጫው ያኔ ይገባል። ችግኞቹንም በተራ አንድ ቀን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እናሳድራቸዋለን፣ አንድ ቀን እናሳርፋቸዋለን፤ ሙቀት መቁረጫውን ያበረታዋል። ስልሳ ተክል አሳደግሁ። ቅጠላቸውን አልነካሁም። ፍሬ እስኪይዙ ጠብቄ ፍሬያቸውን አንድ በአንድ መረመርኩ። ሃምሳ ሰባቱ ምንም አልሆኑም፤ መርዙ እንዳለ ነው። ሁለቱ ላይ መርዙ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። በአንዷ ተክል ላይ ብቻ የመረመርኳቸው ፍሬዎች መርዝ አልተገኘባቸውም።

አንዷ ብዬ ስጽፍ ልቤ ዘለለ፤ ስለዘለለም ደነገጥኩ። አንዷ ማለት ምንም ማለት አይደለም። የልጆቿ ልጆችም መታየት አለባቸው፣ በሌላ አፈር፣ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሰው እጅ፤ እኔ የተሳሳትኩበትን ለማግኘት በሚጓጓ ሰው እጅ። አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ምናልባትም አይሳካም። ለአንቺ እግር የሚደርስ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። ስለዚህ ነገር ተስፋ አልሰጥሽም።

ወፍጮ ቤት ቆመሽ ስለኔ የተናገርሽውን ጋሼ ጽፎልኝ ነበር። ሳነብ በጣም ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የተኛሁት። ያኔ አንቺ እየበላሽው ነበር። ይህን በየትኛውም ማሽን ልሰርዘው አልችልም። ይቅር በይኝ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። ይቅርታውን ካልሰጠሽኝም እናቴ ነሽ፣ ከሰጠሽኝም ያደረግሁት ያው ነው።

ወደ አንቺ ልመጣ እፈልጋለሁ። እንዳልመጣ ብትፈልጊ ደግሞ በየወሩ እንዲህ እጽፍልሻለሁ፣ ክፉውን አስቀድሜ።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 27 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የኔ ጉዳይ ተወስኗል፤ ያለጊዜዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ክስ የለም። ከሚገባኝ በታች ነው። ቀኑን ከእናትሽ ጋር ነው የማሳልፈው፤ ከአልጋ እስከ በር ሄደን እንመለሳለን፣ ትሰድበኛለች፣ እንደገና እንሄዳለን።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። የጣቢያው ካርቶን ስለማይመጣልኝ ፖስታ ቤት ሄጄ ነው ያመጣሁት። ፖስታው ላይ የእናትሽ ስም ብቻ ስለነበረ ሠራተኛዋ ለኔ አልሰጥም ብላ ታግላኛለች።

እናትሽ ፖስታውን ተቀበለችኝና ሳታስከፍተኝ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ተቀምጬ አነበብኩላት። አልዘለልኩም፣ አላሳመርኩም። «ለአንቺ እግር የሚደርስ ነገር የለም» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ስለተቋረጠ «ጮክ በል፣ አልሰማሁም» አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ትራስ ሥር አድርጌ ተኛሁ ያልሽው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ በአራት አጠፈችውና ጡቷ ሥር አስገባችው።

«አሁን ገና ጻፈችልኝ» አለች።

ጥቂት ቆይታ ብዕር እንዳመጣ ነገረችኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ብላት፣ «ትምጣ በላት፤ ሌላ እንዳትጨምር» አለችኝ።

ነይ።

አጎትሽ